ከአልጋ ሥር የነበረው ምሳ

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። የሥራ መደቤ ክሊኒካል ፋርማሲስት ይባላል። ይህንን ቃል በመጀመሪያው ዓመት ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እግዜር ይቁጠረው። ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚሁ ጡረታ የወጣው አባቴ እንኳን ለጎረቤት ሲያስተዋውቀኝ «መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ግን መስኮቱ ላይ አትቀመጥም» ይል ነበር። ጎረቤቱም ከሥራ የታገድኩ እየመሰለው ያጽናናኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ፋርማሲስት ማለት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ፣ ወረቀት ተቀብሎ፣ ኪኒን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ነበር። እኛ ግን የተማርነው ሌላ ነው። በሽተኞች የተኙበት ክፍል ትገባላችሁ፣ ከሐኪሙ ጋር ትዞራላችሁ፣ በሽተኛው መድኃኒቱን እንደታዘዘለት መውሰዱን ታያላችሁ፣ መድኃኒቱ ከሌላ መድኃኒት ወይም ከምግብ ጋር እንዳይጣላ ትጠብቃላችሁ ተባልን። ይህን ለእኛ ነገሩን፤ ለሆስፒታሉ የነገረ ሰው ግን አልነበረም።

የሴቶች ክፍል ኃላፊ የነበረችው ሲስተር የአገሩ ልጅ ናት። እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጄኔራል። ጠዋት ጠዋት ጋዋኔን ለብሼ ብቅ ስል ከላይ እስከ ታች ታየኝና «መስኮትሽን ማን ያዘልሽ?» ትለኛለች። ሐኪሙ ደግሞ ከጎጃም የመጣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ነው፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ቁጥብ ሰው። እኔን የሚያየኝ እንደ ትርፍ ወንበር ነበር፤ አይቀመጥብኝም፣ አያስወጣኝምም።

ሐኪሙ አንድ የማይታገሠው ነገር ነበረው፤ በበሽተኞች ክፍል ውስጥ የምግብ ሽታ። ሆስፒታሉ የሚሰጠው ምግብ አለ፤ ግን አስታማሚ ያለው በሽተኛ የሚበላው ከቤት የመጣለትን ነው። ስለዚህ የዙር ሰዓት ሲደርስ ሲስተር ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች፤ ያኔ ሳህኑም፣ የሳህኑ መሸፈኛም፣ ሙዙም፣ የተጠበሰው ዓሣም አልጋ ሥር ይገባል። ሐኪሙ ሲገባ ክፍሉ የጾመ ገዳም ይመስላል።

ከዚያ ትያትሩ ይጀመራል። «ምግብ ይወስዳሉ እናቴ?» ይላል ሐኪሙ። «ኧረ ምንም» ይላሉ በሽተኛዋ በተሰበረ ድምፅ። አስታማሚዋም ከንፈሯን እየመጠጠች ራሷን ትነቀንቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። በእኛ አገር ለሐኪም በልቻለሁ የሚል በሽተኛ የለም፤ በላሁ ማለት ዳንኩ ማለት ነው፣ ዳንኩ ያለ ደግሞ አልጋውን ይለቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ምሳውን ስለ ደበቀ ሰው ግን አበው የተረቱት ነገር አልነበረም።

እኔ ደግሞ ሌላ አመል ነበረኝ። ሰው እንብላ ሲለኝ እምቢ ማለት አልችልም። እንብላ የሚለው ቃል ለጨዋነት ያህል እንደሚባል፣ መልሱም «ብሉ፣ ይባርክ» ብሎ ማለፍ እንደሆነ እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ መክራኛለች። ምክሩ አልገባልኝም፤ ምግቡ ግን ይገባልኛል። ሐኪሙ ከሄደ በኋላ የመድኃኒት ካርዶችን እያየሁ በአልጋዎቹ መካከል ስዞር «ፋርማሲስቷ መጣች፣ ክዳኑን ክፈቱ» መባል ተጀመረ። ሲስተር ይህን ታውቃለች። በዓይኗ ትቀጣኛለች፤ ዓይን ደግሞ ምግብ አያስጥልም።

በዚህ መሃል ነው ከጨንቻ የወረዱ አንዲት እናት የተኙት። ጥጥ ፈታይ ናቸው። ከልባቸው በሮች አንዱ ጠቦ፣ ምቱም ተዛብቶ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው መጡ። እንዲህ ባለ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነቅሎ ጭንቅላት የደረሰ ቀን ሰው ግማሽ አካሉ ይሰንፋል። ስለዚህ ሐኪሙ ደም ማቅጠኛ አዘዘላቸው። ይህ መድኃኒት ልኩ ጠባብ ነው። ሲያንስ ደሙ ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከዚያም ዓይን ከማያየው ቦታ መፍሰስ ይጀምራል። በየጊዜው ደም እየተመረመረ ነው መጠኑ የሚስተካከለው፤ ደሙ ሲቀጥን የምርመራው ቁጥር ከፍ ይላል።

የእሳቸው ደም ግን አልሰማም አለ። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ፤ ውጤቱ ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ወረደ። አሁንም ጨመረ። አሁንም ያው። በመጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «መድኃኒቱን በዚህ ሙቀት ቀቅላችሁት ይሆናል» አለ።

እውነቱን ለመናገር በጣም ተናደድኩ። ወሬ ያልጠየቀኝ ሰው፣ መጀመሪያ የተናገረኝ ለክስ ነው። መጋዘኑን ሄጄ ፈተሽኩ፤ መድኃኒቱ ደህና ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ አይውጡትም ማለት ነው አልኩ። ኪኒን የሚደብቅ በሽተኛ ብዙ አይቻለሁ፤ ከምላስ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር፣ አንዷማ ከአልጋዋ አጠገብ ላለችው በሽተኛ ታካፍል ነበር። ትራሳቸውን ቀስ ብዬ ገለጥ አደረግሁ። ያገኘሁት ጥጥና እንዝርት ነው።

በማግሥቱ አጠገባቸው ቆሜ አስዋጥኳቸው፤ ከዋጡ በኋላም አፍዎን ይክፈቱ አልኩ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም እንደመጣላቸው ይጠሩታል። ከፈቱልኝና «ልጄ፣ ጥርሴን ልትቆጥር ነው የመጣኸው?» አሉኝ። የእኔ ጋሞኛ ከእሳቸው አማርኛ የባሰ ስለሆነ የማርምበት አፍ አልነበረኝም። መድኃኒቱም ተውጧል።

እዚያው ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ ቀትር ሆነና ልጃቸው ገባች። ከተማው ውስጥ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ያገባች፣ ፈጣን፣ ላብ በላብ የሆነች ሴት ናት። ሳህኑን ከጨርቁ ፈታችና «እንብላ» አለች። ተቀመጥኩ። ክዳኑ ሲነሳ ኩርኩፋ ነው፤ የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ሌላው አገር ሽፈራው ከሚለው ከሀለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ፣ ከጎኑ የሚያቃጥል ዳጣ ያለበት። በአርባ ምንጭ የሀለኮ ዛፍ የሌለው ግቢ ማግኘት ከባድ ነው። ለግፊት ይሆናል፣ ለስኳር ይሆናል፣ ለአራስ ወተት ያወርዳል ይባላል፤ ሰው ለሚወደው በሽተኛ ቅጠሉን አብዝቶ ነው የሚቀቅልለት። የዚያን ቀኑ ሳህን ደግሞ ከዱቄቱ ቅጠሉ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ነገሩ ገባኝ። አረንጓዴ ቅጠል ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ቫይታሚን አለው፤ ደም ማቅጠኛው የሚታገለው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ ጠዋት ደሙ እንዳይረጋ ያዝዛል፤ ልጅቱ ቀትር ላይ እንዲረጋ ታጎርሳለች። ልጅቱ ሥራ ሲይዛት ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድኗ ያሉ ሴቶች ሽሮ ይዘው ይመጣሉ፤ ውጤቱ ከፍ የሚለው በነዚያ ቀኖች ኖሯል። የገባኝ ነገር ግን መብላቴን አላስቆመኝም። ሳህኑ ሲያልቅ ነው የተነሳሁት።

ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ቀሪው ሐሳብ መጣና ደነገጥኩ። ሐኪሙ በማግሥቱ ዙር መጠኑን አንድ ጊዜ ጨምሮ ሊያሰናብታቸው ነው። የሚመለሱት ጨንቻ ነው። ጨንቻ ብርድ ነው፤ ሀለኮ አይበቅልም። እዚያ ገብስ፣ ቆጮ፣ ድንች ነው የሚበላው። ያን የሚያህል መድኃኒት ይዘው ሲወጡ የሚታገለው ቅጠል ከታች ይቀራል። ተራራው ላይ ብቻቸውን ደም ሊፈሳቸው ነው።

በማግሥቱ ልጅቱ ምሳውን አስቀድማ በጠዋት አመጣች፤ ሲስተር አጨበጨበች፣ ሳህኑ አልጋ ሥር ገባ፣ ሐኪሙ መጣ።

«ምግብ እንዴት ነው እናቴ?»

«ምን ምግብ አለ ዶክተር። ውኃ ብቻ ነው።»

ልጃቸው ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ይቅርታ» አልኩ፤ «ትናንት ምሳ በልተዋል።»

«ማን ነገረሽ?»

«አብሬ ነበርኩ።»

«ስትከታተዪ?»

«ስበላ።»

 ከጎን አልጋ ያለችው በሽተኛ ሳል ያዛት፤ የሳቅ ሳል እንደሆነ አውቃለሁ። ሲስተር ጣሪያውን እያየች «መስኮቱ ይሻልሽ ነበር» አለች በቀስታ። የጨንቻዋ እናት ግን እንጀራ ቆርሶ የሸጠን ሰው በምናይበት አስተያየት አዩኝ።

አንዴ ገብቼበታለሁና ሳህኑን በእግሬ ከአልጋው ሥር ጎትቼ ክዳኑን አነሳሁ። ሐኪሙ አጎንብሶ አየ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ። ይህ ሰው በየቀኑ መኪናውን የሚያቆመው የሀለኮ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ቅጠሉ እንደሚበላ ግን አያውቅም። አስረዳሁት።  ልጅቱ የአስተዳደግ ነገር ሆኖባት፣ ሳህን ተከፍቶ ሰው ቆሞ ሲያይ መታገሥ አልቻለችምና እጇን ታጠበች፣ ጠቀለለች፣ ወደ ሐኪሙ አፍ ዘረጋች። የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም። ጎረሰ። ስቴቶስኮፕ በአንገቱ፣ አብረውት የሚዞሩት ተማሪዎች ከኋላው፣ ጉንጩ ሞልቶ እያኘከ ቆመ።

ሲውጥ «ስንት ጊዜ ነው የሚበሉት?» አላቸው።

ማምለጫ አልነበራቸውም። «የልጄ እጅ ነው። አይተርፍም» አሉ።

ኮሪደር ላይ ጠራኝ። «በሥራ ሰዓት የበሽተኛ ምሳ የሚበላ ባለሙያ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ቀጠለና «ባትበዪ ኖሮ ግን ዛሬ ልኬያቸው ነበር» አለ።  ከዚያ በግልጽ ተወያየን፤ እንደ ወንበር ሳይሆን እንደ ሰው አናገረኝ። ቅጠሉ እንዲቆም፣ መድኃኒቱ በጣም እንዲቀነስና ለጨንቻ ምግብ እንዲስተካከል፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ተስማማን።

የምሥራች ይዞ እንደሚሄድ ሰው ነበር ወደ እናትየዋ የሄድኩት። ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽም። ስነግራቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ልጃቸው እናቴን መርዤ ነበር ብላ አለቀሰች። ቅጠሉ መርዝ እንዳልሆነ፣ ከዚህ መድኃኒት ጋር ብቻ እንደሚታገል አስረድቼ አጽናናኋትና ወደ ቤቷ ሸኘኋት።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩ።  ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው፣ ከግድግዳው ጋር እንደሚያወሩ ሆነው ነገሩኝ። ባላቸው ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ቀረ። ወንዶቹ ልጆች ተከተሉት። ቤቱ ትልቅ ነው፣ ሰው የለበትም።

«እዚያ የምበላው ከራሴ እጅ ነው» አሉ። «እዚህ ልጄ ታጎርሰኛለች። በላሁ ካልኩት ዶክተሩ ሂጂ ይለኛል። አንተ ደግሞ ነገርክብኝ።»

እኔ የበሽተኛ ሁሉ ትያትር ያልኩት የእሳቸው ልመና ነበር። አፈርኩ፤ አዘንኩላቸውም።

«ታዲያ ልጅዎ ቤት አይቀመጡም?» አልኳቸው።

እንደ እብድ አዩኝ። «አማት አማቿ ቤት? ለጥየቃ ይገባል፣ ይወጣል። ያለ ምክንያት ገብታ ትቀመጣለች? እሱ በሚገባበት በር እኔ ስገባ ሰው ምን ይላል?»

አገሩን አውቃለሁ። አማትና አማች እዚህ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይሸፈናል። እናት ልጇን ብትናፍቅ ናፍቆት ምክንያት አይሆንም። ሌላ ነገር ያስፈልጋል። አመሌ ነውና ሐዘኔ ብዙ ሳይቆይ ተንኮል መጣልኝ።

ሐኪሙን ቢሮው አገኘሁት። «መጽሐፉ ቅጠል አይብሉ አይልም» አልኩት፤ «በየቀኑ እኩል ይብሉ ነው የሚለው። የሚጎዳው ዛሬ ሙሉ ሳህን፣ ነገ ባዶ ሲሆን ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ለጨንቻ ከማስተካከል ለልጅቱ ወጥ ቤት እናስተካክለው። በቀን አንድ ጭልፋ ሀለኮ፣ ሳይበዛ ሳይቀንስ። የደም ምርመራውም እዚሁ ከተማ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እኮ ከጭልፋው መራቅ አይችሉም» አለ።

«አይችሉም።»

«ልጃቸው ቤት መኖር አለባቸው።»

«ያለ ምንም ጥርጥር።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። «ይህ ሕክምና ነው ወይስ ሽምግልና?»

«ሽምግልናው ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ፈትሼዋለሁ።»

ሊስቅ ሲል ወረቀት አነሳ። ስለ አማትነት ለእሱም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ በእሱም አገር ያው ነው። ደሙ ልኩን ሳይዝ ግን ንቅንቅ እንደማይሉ፣ ልኩን ካልያዘ ደግሞ ሽምግልናዬን ይዤ ወደ መስኮቴ እንደምመለስ አስጠነቀቀኝ።

ያልጠበቅሁት አጋር ሲስተር ነበረች። ነገሩን በነገርኳት በማግሥቱ ከቤቷ ጭልፋ ይዛ መጣች። ልጅቱ ሳህኑን ስትከፍት ሲስተር ከላይዋ ቆማ ትለካለች። ለጸሎት ቡድኑም ሴቶች በተራቸው ቀን ሀለኮው እንዳይጎድል ትእዛዝ ወረደ። እኔ እንደ ልማዴ ልቀመጥ ስል ጭልፋውን አፌ ላይ ደቀነችብኝ። «አንቺ ከበላሽ ልኩ ይዛባል» አለች። መድኃኒትን ከምግብ ጋር ያጣጣመ ሰው ደመወዙ ረሃብ ሆነ። ከሩቅ ቆሜ ሲበሉ አያቸው ነበር፤ እሳቸውም ነገር የነገርኩባቸውን ስላልረሱ እያጣጣሙ ነው የሚበሉት።

የምርመራው ውጤት መጣ፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። መድኃኒቱን በጥቂቱ አስተካከልን። ቀጥሎ የመጣው ልኩ ላይ ነበር። የቀድሞ ልማዱ ስለሆነ ተመልሶ ይወርዳል ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ፤ በሚቀጥለውም እዚያው ቆመ። ሐኪሙ ውጤቱን አንብቦ ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ዙር ላይ «ምግብ ይወስዳሉ?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ መልሱን የሚሰማው ከእኔ ነበር።

አማችየው ተጠራ። መምህር ነው፤ ጨዋ፣ አንገቱን የደፋ። እሱ በሩ ላይ ሲቆም እሳቸው ተሸፈኑ። ሐኪሙ ያንን ከባድ ድምፁን አወጣና የእኚህ እናት መድኃኒት በየቀኑ ከሚለካ ሀለኮ ጋር የተስተካከለ እንደሆነ፣ ጨንቻ ላይ ይህ እንደማይቻል፣ ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ነገረው። አንድም ውሸት አልነበረበትም።

መምህሩ መሬት መሬት እያየ «የጓሮው ክፍል ባዶ ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «እኔ ልጥራቸው እያልኩ አፍሬ ነው። አማቱን ጎትቶ አመጣ እንዳልባል» አለ። ለካ ምክንያት ሲፈልግ የኖረው እሱም ነው።

የመውጫ ቀን ጠዋት የጨንቻዋ እናት ከአልጋ ወደ አልጋ እየዞሩ ስሞታ አሰሙ። «ምን ይደረጋል፣ ሐኪም አስገደደኝ» ይላሉ፤ ጥጣቸውን የሚጠቀልሉበት ፍጥነት ግን የተገደደ ሰው አይመስልም።

የእኔ የመጨረሻ ሥራ ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት ነው። ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው አንድ ቃል እዚህ ላይ አለ። ሰው መድኃኒት ወስጄ እጨርሳለሁ ብሎ ነው የሚመጣው፤ የማያልቅ መድኃኒት እንደ ፍርድ ነው የሚሰማው። ያለቀሱብኝ አሉ፣ ኪኒኑን እጄ ላይ ጥለው የሄዱ አሉ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ልጃቸው ጎናቸው ተቀምጣ ነበር።

«እናቴ፣ ይህ መድኃኒት የአንድ ወር የሁለት ወር አይደለም።»

«እስከ መቼ ነው?»

ትንፋሼን ሰብስቤ «የዕድሜ ልክ ነው» አልኩ።

እጄን ያዙ። «ጭልፋውም?»

«ጭልፋውም።»

«ልጄ ቤት?»

«ልጅዎ ቤት።»

ወደ ልጃቸው ዞሩና በጋሞኛ ቃል በቃል ነገሯት። ከዚያም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ አማቻቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበርና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዕድሜ ልክ የሚለውን ደገሙት።